ነፍሰ ጡር እህታችን ትምባሆ እንድትተው እንዴት እንርዳት?



ከዚህ በታች የሰፈረው ጽሑፍ መጀመሪያ በቃል የተነገረ ነው። እዚህ ዋጫ በመስጂዳችን አንድ ምሽት ከዒሻ ሰላት በኋላ ለወንዶች፣ በሌላ ቀን ከዙሁር በኋላ ለሴቶች ተናግሬዋለሁ። ኮሚቴው የመታሰቢያውን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ «ያንን ንግግርዎን ይጻፉልን» አለኝ። አንዳንድ ወንድሞች ግን «ሸኽ፣ ይህ የሴቶች የጓዳ ጉዳይ ነው፤ በመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው በቅንነት ጠይቀውኛል። መልሴ አጭር ነው። በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ሚንበር ላይ ቆሜ የሠራሁት ስሕተት አለ። ስሕተቱ በሰው ፊት የተሠራ ስለሆነ እርማቱም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ጥቂት ልበል። «የእኛ ሴቶች አያጨሱም» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ከፊል እውነት አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ በአዋቂዎች ላይ በተደረገው የትምባሆ ጥናት ከመቶ ወንዶች ስምንት ያህሉ የትምባሆ ተጠቃሚ ሆነው ሲገኙ፣ ከሴቶች ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። ይህ ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ትንሽነቱ ራሱ ሌላ ችግር ይወልዳል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር በአደባባይ ይደረጋል፤ ጥቂቶች የሚያደርጉት ግን ጓዳ ይገባል። ጠያቂው ወረቀቱን ይዞ በራፍ ላይ ቆሞ፣ አማት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እየሰማች፣ «ታጨሻለሽ ወይ?» ስትባል «አዎን» የምትል ምራት ስንት ትገኛለች? እኔ እንደሚመስለኝ እውነተኛው ቁጥር ከተጻፈው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ደግሞም ማጨስ ማለት ሲጋራ ብቻ አይደለም። በአገራችን ደቡብና ምዕራብ ዳርቻ በሚኖሩ አንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ሴት ጋያ ብታጨስ ነውር አይባልም። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ ሺሻ ገብቷል። የእኛዋ ዋጫ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከቆላውም ከከተማውም የሚመጣ ሰው ያርፍባታል፣ ይነግድባታል፣ አግብቶም ይቀርባታል። እያንዳንዱ ሰው የልጅነት ልማዱን ይዞ ይመጣል። ከእንሰቱ ሥር ሁለት ሦስት እግር ትምባሆ የተከሉ አሮጊት ባይ አልደነግጥም፤ በልጅነቴም አይቻለሁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። ኢማምነቱን በተረከብኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ አንድ ጁምዓ በኹጥባ ላይ ስለ ትምባሆ ተናገርኩ። ትምባሆ ጎጂ ነው ማለቴ ስሕተት አልነበረውም። አነጋገሬ ግን ክፉ ነበር። «የምታጨስ ሴት ሐያእ የላትም፤ እንዲህ ያለች ሴት ያለችበት ቤት በረካ የለውም» አልኩ። ሰዉ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ከቆላ አገር ወደዚህ አግብታ የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ጋያ የለመደችው ገና በስምንት ዓመቷ፣ ለአያቷ ፍም እየጫረች ስታቀርብ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ጁምዓ በኋላ እህታችን ጋያዋን አልተወችም። የተወችው መስጂድ መምጣቱን ነው። ቀጥሎ ጤና ኬላ መሄዱንም ተወች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመንደሩ ሰው ስለሆነች «የትምባሆ ሽታ ከልብሴ ላይ ታገኝብኛለች» ብላ ፈራች። ጋያውን ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችው፤ በሩንም ዘግታ ማጨስ ጀመረች። ወሯ ሳይገባ እቤቷ ወለደች። ሕፃኑ እጅግ ትንሽ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። የጀናዛውን ሰላት ያሰገድኩት እኔ ነኝ። ምንም አላውቅም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ተጠንቅቄ ልናገር። ያ ሕፃን የሞተው በጋያው ነው አልልም። ትምባሆ ቀምሳ ከማታውቅ እናትም ያለ ጊዜው የሚወለድ ልጅ አለ፤ ወባ አለ፣ የደም ማነስ አለ፣ የምግብ እጥረት አለ። አጀል ደግሞ በአላህ እጅ ነው። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ሴት ከዚያ ጁምዓ ወዲህ በነበሩት ወራት የደም ግፊቷን የሚለካላት፣ የልጇን የልብ ምት የሚያዳምጥላት ሰው አላየችም። ሕፃኑም በትንሽነቱ ሲወለድ በሙቀት የሚይዘውና የሚከታተለው ባለሙያ አላገኘም። ከዚያ በር ያራቃት የእኔ ምላስ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ሰው ሶሓቦች ሊጮኹበት ሲነሡ ከልክለው፣ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ውሃ አስፈስሰው በለሰለሰ ቃል እንዳስተማሩት ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ ስንሰማ ያደግነው ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለልጆች አስተምር ነበር። ያን ቀን ግን ረሳሁት።

አሁን ጭሱ በማህፀን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ «ተዉ» ቢባል አይተውም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በባዮሎጂ እንደተማርነው፣ ሕፃኑ በማህፀን ሳለ በአፍንጫው አይተነፍስም። አየሩም ምግቡም ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅና በእትብት አልፎ ነው የሚደርሰው። ትምባሆ ሲነድ ከሚወጡት በሺህ ከሚቆጠሩ ነገሮች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ ያው እርሱ ነው። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል፤ ደማችንም ከኦክስጅን ይልቅ እርሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። በገበያ ቀን ወደ ሚዛን የሚሄደውን አውቶቡስ አስቡት። ወንበሩን ሁሉ ሌላ ሰው ቀድሞ ከያዘው እናንተ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። እዚህ ላይ መንገድ ላይ የሚቀረው ኦክስጅን ነው፤ ሳይደርስለት የሚቀረው ደግሞ ሕፃኑ። ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። ሱሱን የሚያመጣው እርሱ ነው፤ የደም ሥሮችንም ያጠባል፣ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄዱትንም ጭምር።

ውጤቱ ከታወቀ ቆይቷል። በ1957 እ.ኤ.አ. ሲምፕሰን የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ከ7,000 በላይ እናቶችን መዝግበው፣ በሚያጨሱት እናቶች ዘንድ ያለ ጊዜው የሚወለደው ሕፃን ከማያጨሱት በእጥፍ ያህል እንደሚበዛ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ነገሩን አጽንተውታል። የምታጨስ እናት ልጅ በአማካይ 200 ግራም ያህል ቀሎ ይወለዳል። ይህ ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ግን ትንሽ ይባላል፤ ብርዱም ተቅማጡም ሳንባ ምቹም ቶሎ ይጥለዋል። በዚያ ላይ እንግዴ ልጅ ያለ ጊዜው ከማህፀን መላቀቅ፣ ደም መፍሰስ፣ ልጅ በሆድ መሞት፣ ከተወለደም በኋላ ደህና ሆኖ የተኛ ሕፃን በድንገት ሞቶ መገኘት፣ ይህ ሁሉ በሚያጨሱት ዘንድ ይበዛል።

«ጋያው ውሃ አለው፤ ውሃው ያጣራዋል» የሚሉኝ እናቶች አሉ። የከተማ ወጣቶችም ስለ ሺሻ ይህንኑ ይላሉ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። እንዲያውም ቀዝቃዛ ጭስ ጉሮሮን ስለማያቃጥል ሰው አብዝቶ ይስበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ አንድ ሰዓት ሺሻ ያጨሰ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 ጊዜ እንደሚበልጥ ገልጿል።

ይህን ስናገር ከሴቶቹ አንዷ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ «እንግዲያው ካጨስኩ አምስት ወሬ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው?» አለቻት። ይህ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ብዙዋን ሴት ተስፋ የሚያስቆርጣት ይኸው ነውና። መልሱ ደስ የሚል ነው። ያ ክፉ ጋዝ ማጨስ ከቆመ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከደም ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት ያቆመች ሴት ልጇ ትምባሆ ካላየች ሴት ልጅ ጋር ለመስተካከል ይቃረባል። በአምስተኛውም በሰባተኛውም ወር ብታቆም ይጠቅማል፤ ሕፃኑ ክብደት የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ወራት ነውና። «አሁን ረፍዷል» የሚባልበት ወር የለም።

ሸሪዓችን ገና ያልተወለደውን ልጅ እንደ ሰው ቆጥሮ መብት እንደ ሰጠው ማስታወስ ያስፈልጋል። አባቱ ቢሞት የውርስ ድርሻው ተይዞ ይጠበቃል። እናቱ ለራሷም ሆነ ለእርሱ ከፈራች የረመዳንን ጾም እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። እንግዲህ አስቡት፤ ለእርሱ ሲባል ከኢስላም ማዕዘናት አንዱ የሆነው ጾም እንኳ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ለጋያ ወይም ለሲጋራ ሲባል ግን ይጎዳል? ትምባሆ ወደ ሙስሊሞች አገር የገባው ከሂጅራ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ የቀድሞ ዑለማዎች በብይኑ ተለያይተው ነበር፤ አንዳንዱ ፈቅዶታል፣ አንዳንዱ መክሩህ ብሎታል፣ አንዳንዱ ሐራም። ጉዳቱ በሕክምና ከታወቀ ወዲህ ግን በዘመናችን ያሉት ብዙዎቹ ወደ ሐራምነቱ አዘንብለዋል። ሌላውን መጉዳት አይፈቀድም የሚለው የፊቅህ መሠረት በማህፀን ላለው ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ እርሱ ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ የለውምና።

እዚህ ላይ ወንዶች ራሳቸውን ነቅንቀው እንዳይቀሩ እፈራለሁ። ያን ጁምዓ እንዲያ ነበር የሆነው። ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ ቁጥሩን እንደገና ተመልከት፤ ከመቶ ሴት ሁለት ካልሞላ፣ ከመቶ ወንድ ስምንት ከሆነ፣ በነፍሰ ጡር ቤት የሚጨሰው ትምባሆ ባብዛኛው የማን ነው? ሚስትህ ሲጋራ በእጇ ነክታ ሳታውቅ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ የምታጨሰው ጭስ ወደ ደሟ ይገባል። ከሰው በሚወጣ ጭስ መካከል የሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች የሚወልዷቸውም ሕፃናት ክብደታቸው እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። መስኮት መክፈት አይበቃም፤ ሌላ ክፍል መሄድም አይበቃም።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥንም እንዲሁ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ ከደጃፍህ አልፎ መኝታ ቤትህ አይገባም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ለማታውቀው ጸሐፊ ስትል ወጥተህ የምታጨስ ሰው፣ ለገዛ ልጅህ ስትል መውጣት አቃተህ? «አልችልም» አትበለኝ። በረመዳን ከፈጅር እስከ መግሪብ ስትታገሥ አይቼሃለሁ። ከመግሪብ በኋላ ከተምሩ ቀድሞ የሚለኮሰውንም አይቻለሁ፤ እርሱን ለጊዜው እንተወው።

አንድ የኮረሪማ ነጋዴ ወንድማችን ንግግሩን ሰምተው «እሺ ሸኽ፣ ከበሩ ስንት ክንድ ልራቅ?» አሉኝ። «እስከ አጥሩ ድረስ» አልኳቸው። ቃላቸውን አከበሩ። የካፋን ዝናብ ግን ታውቁታላችሁ። አጥር ሥር ቆሞ ዝናብ እየመታው የሚያጨስ ሰው እስከ መቼ ይዘልቃል? በቀን አንድ ፓኮ የነበረው ወደ ሦስት አራት ፍሬ ወረደ። በዓመቱ ጭራሽ ተዉት። ዝናቡ ከእኔ ኹጥባ የበለጠ ሠርቷል።

ወደዚያች እህታችን ልመለስ። ሕፃኗ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ነፍሰ ጡር ሆነች። ባለቤቴ ልትጠይቃት ሄደች። አማት ገበያ ወጥተው ነበር። ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ ባለቤቴ ስለ ራሷ እርግዝና፣ ስለ ማቅለሽለሹ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ አወራቻት፤ ከዚያም ምንም ድምፅዋን ሳትለውጥ «ሲጋራ፣ ጋያ፣ ሺሻ፣ ጫት የሚባል ነገር ያስቸግርሻል? ሁሉንም ነው የምጠይቀው» አለቻት። ሴትየዋ ዝም አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሁሉን የነገረቻት ያን ቀን ነው፤ ኹጥባዬንም ጭምር።

ባለቤቴ «ሁሉንም ነው የምጠይቀው» ያለችው እንዲሁ የመጣላት ቃል ነው። ኋላ ግን ከአንድ የጤና ባለሙያ ጋር ስንነጋገር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ይህንኑ እንደሚል ሰማን፤ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ለክትትል በመጣች ቁጥር ስለ ራሷም ትምባሆ፣ ቤት ውስጥ ስለሚጨሰውም ትጠየቅ ይላል። ሁሉም ከተጠየቀ ማንም ተለይታ አትታማም። አጠያየቁም ዋጋ አለው። «አታጨሺም አይደል?» ተብላ የተጠየቀች ሴት መልሱን በአፏ አስገብተውላታል።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴና እህታችን ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ቀላልነቱ ግን በወሬ ነው እንጂ በሥራ አይደለም። መጀመሪያ ጋያው የሚያምራት መቼ መቼ እንደሆነ ለዩ። ጠዋት ቡና ሲቆላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደግሞም ማታ ባሏ ሲያመሽባት። አምሮቱ ሲመጣ የማይለቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠናበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ደቂቃ ማለፍ ነው ጉዳዩ። ጠዋት ቡናው ሲቆላ የጎረቤት ልጅ መጥታ እንድትቆላላት ተደረገ። ከምሳ በኋላ ውዱእ አድርጋ ትወጣና እኛ ቤት ትመጣለች። በኪሷ ቆሎ ያዘች። ጋያው ራሱ ከቤት ወጣ፤ ትምባሆዋም ከጓሮ ተነቀለ፣ ይህን ያደረገችው ራሷ ናት። ማታ ማታ ባል እንዳያመሽ የነገርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከሁሉ እንደሚከብዱ፣ ልትቆጣም ልታለቅስም እንደምትችል፣ ይህም ጠባይ ሳይሆን የኒኮቲን ጥማት መሆኑን አስረዳሁት። እርሱም ደግ ሰው ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሳህን ተወርውሮበት ዝም አለ።

ሁለት ጊዜ ተመልሳ አጨሰች። ሁለቱንም ጊዜ መጥታ ነገረችን። ባለቤቴ «መቼ ሆነ? ምን ሆነሽ ነበር?» ብላ ከመጠየቅ በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም። ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ አልተመለሰችበትም። ክትትሏን አልቋረጠችም፣ በጤና ጣቢያ ወለደች፤ ልጇ ዛሬ መድረሳ ይመጣል፤ ከሁሉ የሚረብሸኝ እርሱ ነው፣ ማሻአላህ። እኔ ዓውፍታ ስጠይቃት የመለሰችልኝ እንዲህ ነበር፦ «ሸኽ፣ ያኔም ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር።» ታሪኳን ስሟ ሳይነሣ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች።

ሁለት ጊዜ መውደቋ የእምነት ድክመት መስሏችሁ እንዳትፈርዱባት ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ 612 የሚያጨሱ ነፍሰ ጡሮች በሁለት ተከፍለው ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ለአንዱ ክፍል የተለመደው ምክርና እርዳታ ብቻ ተሰጠ፤ ለሌላው ደግሞ ማጨሳቸውን ካቆሙ እስከ 400 የእንግሊዝ ፓውንድ የሚደርስ የዕቃ መግዣ ኩፖን ተጨመረላቸው። ምክር ብቻ ካገኙት ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ፣ ኩፖን ከተጨመረላቸው ከመቶ 22 ያህሉ በእርግዝናቸው መጨረሻ ትተውት ተገኙ። ገንዘቡ ጠቅሟል፤ እኛ ግን ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለንም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ሐኪም ባለበት፣ መድኃኒት ባለበት፣ ገንዘብም እየተሰጠ፣ ከመቶ ከሰባ በላይ የሚሆኑት አልቻሉም! ሱስ ማለት ይህ ነው። አጨስ የማያውቅ ሰው እንደ እኔ ሚንበር ላይ ወጥቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያባርረው ነገር አይደለም። ስለ መድኃኒቱ ከተነሣ ደግሞ፣ የኒኮቲን ማስቲካና የሚለጠፍ ፕላስተር በሌላ አገር እንዳለ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትወስድ።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የተዉት ብዙዎቹ ከወለዱ በኋላ ይመለሱበታል፤ «ልጁ ወጣ፣ ከእንግዲህ እርሱን አይነካውም» ብለው። ኒኮቲን ግን ወደ ጡት ወተት ይገባል። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ፤ የምታጨስ እናት ማጥባቷን ታቁም ማለቴ አይደለም፤ ጡት ማጥባቱ ይቀጥል፣ ማቆም ያለበት ጭሱ ነው። የአራስ ቤት የሚጠይቁ ወንዶችም ሲጋራቸውን ከአጥሩ ውጭ ጥለው ይግቡ። ገንፎ ልንበላ ሄደን ለሕፃኑ ጭስ አንተውለት።

በሁለቱም ቀን ስለ ጫትና ስለ ቡና ተጠይቄያለሁ። ጫት ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው። በየመን ከአንድ ሺህ በላይ ወሊዶች ተመዝግበው በ1987 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጫት ከሚቅሙ እናቶች የተወለዱት ሕፃናት ክብደታቸው አንሶ ተገኝቷል። በዚያ ላይ ጫቱ ሲጋራውን ይጠራል፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቡናን በተመለከተ ግን የካፋን ሰው ቡና ተው የሚል ኢማም ከዚህ አገር መውጣት ይኖርበታል! የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ትቀንስ ነው ያለው እንጂ ትተው አላለም። አቦሉን ጠጥታ፣ ቶናውንም ቀምሳ፣ በረካውን ለጎረቤት ብትተው ይበቃል። የማገዶ ጭስም ከትምባሆ ጋር አንድ ባይሆንም ጥሩ ነገር አይደለምና ባል የማዕድ ቤቱን ጭስ መውጫ ቢያሰፋ ከእርሱ የሚጠበቅ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ባለቤቴና ሁለት ታላላቅ እናቶች በሴቶቹ ክፍል ይቀመጣሉ። ከሁለቱ አንዷ ራሳቸው ሠላሳ ዓመት ጋያ አጭሰው የተዉ ናቸው። የሚመጣ ሰው ስሙ አይጻፍም፣ ለምን መጣሽም አይባልም፤ ቡና አለ። ሙስሊም ያልሆነች ጎረቤትም ብትመጣ ቦታ አለ፤ እስከ አሁን ሦስት መጥተዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የምታፍር ካለች ከእናቶቹ አንዷ አብራት ትሄዳለች። ወንዶች የምታጨሱ ደግሞ እኔ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ እዚያው መስጂድ ውስጥ በስተቀኝ ካለው ምሰሶ ሥር አለሁ። ሲጋራውን በኪስ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ አልፈትሽም።